ካዎ ጦና እና የእስር ትርጉም

በቅርቡ ከሶዶ ወደ ዲምቱ ስጓዝ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት የካዎ ጦናን ስም አነሡ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አወጉኝ፤ የእኔ ሐሳብ ግን እስራቸው ላይ ቀረ።

ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ አልገብርም ብለው ተደጋጋሚ ዘመቻ መከቱ። በ1887 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ የጅማው አባ ጅፋርና የወሎው ራስ ሚካኤልም ጦራቸውን ይዘው ተሰለፉ። በታኅሣሥ ወር ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

በዚያ ዘመን ተራው ተሟጋች ከባላጋራው ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዞ ቁራኛ ይታሰር ነበር። ከሰው መነጠል የነገሥታት ዕጣ ነው። ከጦና በኋላ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ሆኑ ልጅ ኢያሱ በእስር እንዳሉ አለፉ። የታሰሩት እንዲታረሙ ሳይሆን ሕዝብ እንዳይከተላቸው ነበር።

ጦና በተማረኩ በመቶ ዓመቱ፣ በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የእስረኛው ሰብዓዊ ክብር እንዲጠበቅ፣ ቤተሰቡ፣ ጠበቃው፣ ሐኪሙና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦችም ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻ ማሰርን ይከለክላሉ።

ዛሬ እስር ቤቱን ማረሚያ ቤት እንለዋለን። ታዲያ ከሰው የተነጠለ እስረኛ፣ ከሰው ጋር መኖርን ከማን ይማር?