ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ዋጃን ያገኛል። በዙሪያዋ ያለው የማሽላ እርሻ ዓይን እስኪታክት ድረስ የተዘረጋ ነው። በዚያ አገር ከአንዱ ቤት ገብቶ የቀረበለትን መሶብ ልብ ብሎ የተመለከተ እንግዳ፤ በአክርማና በስንደዶ በተሰፋው ገላው ላይ ልዩ ልዩ ቀለም እየተፈራረቀ ሲዞር ያያል። የመሶቡ ጌጥ የሰውም፣ የዛፍም፣ የእንስሳም መልክ የለውም። ይሁን እንጂ ይህ ምንን ያሳያል ብሎ ባለቤቲቱን የሚጠይቅ እንግዳ አይገኝም። ማማሩን ዓይን ራሱ ይፈርዳልና።

ታዲያ ይህንኑ የመሰለ ነገር በሸራ ላይ ተሥሎ በግድግዳ በተሰቀለ ጊዜ የተማረው ሰው ሳይቀር ግራ ተጋባ፤ ይህ የእኛ አይደለም የሚልም ብዙ ተገኘ። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ክርክር በአገራችን ስላስነሡት ስለ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና ሥራ ይሆናል።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰውና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ስለ ነበሩ፤ ልጃቸው ቀለምንና ብርዕን ያወቁት ከተማሪ ቤት አስቀድሞ በአባታቸው ቤት ነው። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በምዕራፉ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ መሥመርና ቀለም እርስ በርሱ የተጠላለፈበት ጌጥ እንጂ የአንድ ነገር መልክ አይደለም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ትምህርታቸውን በሐረር ጀምረው በአዲስ አበባ ከቀጠሉ በኋላ፤ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ሲጀምሩ የገቡት ወደ እርሻ ትምህርት ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት ከዚህ የተሻለ የእንጀራ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። እርሳቸው ግን ልባቸው ከሥዕሉ ላይ ስለ ነበረ ትምህርቱን አቋረጡ። በጊዜው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ገና አልተከፈተም ነበርና፤ ውሳኔያቸው የሚያደርሰው የት እንደ ሆነ ሳይታወቅ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ትተውት የሄዱት እርግጡን ነው፤ የተከተሉት የማይታወቀውን ነው።

በ1957 በአውሮጳ አቆጣጠር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ። በኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1961 እ.ኤ.አ. ጨረሱ፤ በዚያው ከተማም ሥዕላቸውን ብቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ።

የደረሱበት ዘመን በአውሮጳ ሥነ ጥበብ ዘንድ ትልቅ ሙግት የነበረበት ዘመን ነው። መልክን መቅዳት ካሜራ ከቻለ ዘንድ የሠዓሊ ሥራ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ብዙ ዘመን በጀርመን አገር ተቀምጦ፤ ቀለምና መሥመር ያለ አንዳች መልክ እንደ ዜማ ሊናገሩ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ በሚማሩበት ጊዜም፤ ሉቾ ፎንታና የተባለው ኢጣልያዊ ቀራጭ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወጠረውን ሸራ በስለት እየሠነጠቀ፤ ከሸራው በስተ ኋላ ያለው ባዶ ስፍራ የሥራው ክፍል እንዲሆን አደረገ። ይህን የመሰለው አዲስ ሥራ በጀርመን አገር በዋዛ የተገኘ ነፃነት አልነበረም። የናዚ መንግሥት በ1937 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ከየሙዚየሙ አስወጥቶ በአደባባይ መሣለቂያ አድርጓቸው ነበርና።

ገብረ ክርስቶስ ከዚህ ትምህርት ጋር በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚከተለው ዓመት በአዲስ አበባ ያሳዩት የሥዕል ኤግዚቢሽን ከፍ ያለ ክርክር አስነሣ። አንዳንዱ አዲስ መንገድ ተከፈተ ብሎ ደገፋቸው። ሌላው ደግሞ የፈረንጅ ቅጂ ነው፤ የኢትዮጵያ መልክ የት አለ ሲል ነቀፋቸው። ነቃፊዎቹን በደፈናው ማላገጥ አይገባም፤ ከውጭ አገር የመጣውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ያመጣውን ጉዳት አይተው የተናገሩ ነበሩና። ነገር ግን በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. የተሣለውን ጎልጎታ የተሰኘውን ሥዕል የተመለከተ ሰው መልሱን ከዚያ ያገኘዋል። ሸራውን የሞላው ቀይ ቀለም ነው። ስቅለቱን ብዙ ዘመን ሲሥል የኖረ ሕዝብ ልጅ፤ ያንኑ ነገር በአዲስ ቋንቋ ተናገረው። የሥራው ስልት በኮሎኝ የተገኘ ቢሆንም ጉዳዩና ሐዘኑ የአባት ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ብዙ ወጣቶችን አስተማሩ። በ1965 እ.ኤ.አ.ም በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው።

ሠዓሊው ባለቅኔም ነበሩ። የተለመደውን የግጥም ልክ ትተው ስንኙን በሐሳቡ መጠን ያሳጥሩት፣ ያስረዝሙት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሀገሬ የተሰኘው ግጥማቸው ነው። ሥዕሉ የውጭ አገር ነው እየተባለ የሚነቀፈው ሰው፤ የአገር ናፍቆትን ከገለጡት የአማርኛ ግጥሞች አንዱን ዋና ግጥም መጻፉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ሥነ ጥበብ የፖለቲካ መፈክር አገልጋይ እንዲሆን ተፈለገ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኦክላሆማ ክፍለ አገር ላውተን በምትባል ከተማ፤ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. ዐረፉ። ሀገሬን የገጠመው ሰው ዐፅሙ በሰው አገር ቀረ።

ግጥሞቻቸው መንገድ ስጡኝ ሰፊው በሚል ርእስ ተሰብስበው በ1998 ዓ.ም. ታተሙ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲከፈት፤ በጀርመን አገር የቆዩ ሥዕሎቻቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሥዕሉ ተመለሰ፤ ሠዓሊው ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ተማሪውም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት ሹም ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ምክር ይህ ይመስለናል። ያልገባንን ሥራ የእኛ አይደለም ብሎ ለመፍረድ መቸኮል ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ያሳጣል። በገብረ ክርስቶስ ሥዕል ፊት ቆሞ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር፤ ጥቂት ታግሦ የእናቱን መሶብ፣ የብራናውንም ሐረግ ያስታውስ። ዓይኑ ቋንቋውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና።