ግራኙ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ

የዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ገጽ የደረሰው ለእኔ ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ሳይንቲስቶች ስለሆነ ዛሬ ስለ አንድ ጊታር ተጫዋች ላውራችሁ ብዬ አሰብኩ።

ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። ሲወለድ አባቱ ወታደር ስለነበር አጠገቡ አልነበረም። ቤተሰቡ በጣም ድሃ ነበር፤ እናቱም የሞተችው ገና በ15 ዓመቱ ነው። ጊታር ስላልነበረው መጥረጊያ ይዞ እንደ ጊታር ይነካካ ነበር። አንድ ቀን ከአባቱ ጋር የሰው ቤት ሲያጸዱ አንድ ክር ብቻ የቀረው ዩኩሌሌ አገኘ። ዩኩሌሌ ትንሽዬ ጊታር የሚመስል ነገር ነው። በኋላ እውነተኛ ጊታር በ5 ዶላር ተገዛለት።

ችግሩ ጂሚ ግራኝ ነው፤ ጊታር ደግሞ የሚሠራው በቀኝ ለሚጫወት ሰው ነው። ስለዚህ ጊታሩን ገልብጦ፣ ክሮቹን ፈትቶ እንደገና ለራሱ እንዲመች አድርጎ አሰራቸው። አባቱ ግን በግራ መጫወቱን አይወድለትም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሊዮን እንደተናገረው፣ አባታቸው ሲገባ ጂሚ ጊታሩን አዙሮ በቀኝ ይጫወታል፣ አባታቸው ሲወጣ መልሶ በግራ። በሁለቱም ቻለበት ማለት ነው! እኔም ግራኝ ነኝ። አንደኛ ክፍል እያለሁ በግራ ስጽፍ ጣቴን በማስመሪያ ተመትቻለሁ፣ አያቴ ደግሞ በግራ እጄ እንጀራ ስቆርስ እስካሁን ይቆጡኛል። ይህን ገጽ የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም የተዳመጠው እጄ በጻፍኩት ላይ ስለሚሄድ ነው፣ ይቅርታ።

ጂሚ ትንሽ ጊዜ በፓራሹት የሚዘል ወታደር ሆኖ ከቆየ በኋላ ለታዋቂ ዘፋኞች ከኋላ ቆሞ ጊታር ይመታ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ አይስሊ ብራዘርስ የሚባለው የወንድማማቾች ቡድን ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1964 እቤታቸው ኖሯል። የዚያ ቤት ትንሽ ልጅ ኧርኒ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር፤ ጂሚ ሲለማመድ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ኧርኒ ሲያድግ የወንድሞቹ ቡድን ጊታር ተጫዋች ሆነ። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ቀናሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቻስ ቻንድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ጂሚን ኒው ዮርክ ካፌ ውስጥ ሲጫወት አየውና ወደ ለንደን ወሰደው። እዚያ ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር ሦስት ሆነው ቡድን መሠረቱ። ሚች ሚቸል ድራም፣ ኖኤል ሬዲንግ ቤዝ ጊታር። የሚገርመው ኖኤል ለፈተና የመጣው ጊታር ሊጫወት ነበር፣ ቤዝ ያዝ ተባለና ያዘ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት አልበም አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሞንተሬይ በተደረገ ኮንሰርት ላይ ጂሚ ጊታሩን በእሳት አቃጠለው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ይህንን ነው፣ እኔ ግን አልወደድኩለትም። መጥረጊያ ይዞ የተጫወተ ልጅ እንዴት ጊታር ያቃጥላል? የሙዚቃ ቲቸራችንን ስጠይቃቸው ለትርኢት ነው አሉኝ።

ቡድኑ ሦስት ዓመት እንኳን ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1969 ተበተነ። ጂሚ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ካልቀረጸ አይረካም፣ ኖኤል ደግሞ ይሰለቸዋል፤ የራሱንም ጊታር መጫወት ይፈልግ ነበር። በሁለተኛው ወር ጂሚ ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ዉድስቶክ በሚባል ትልቅ ኮንሰርት ላይ ተጫወተ። ተራው የደረሰው ሰኞ ጠዋት ስለነበር አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ምንም ቃል በጊታር ብቻ ተጫወተው፣ መሀል ላይ ጊታሩን እንደ ቦምብና እንደ አውሮፕላን አስጮኸው። ያን ጊዜ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ እየተዋጋች ነበር። ለእኔ ከሠራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ የእንቅልፍ ክኒን አብዝቶ ወስዶ ሞተ። ዕድሜው 27 ብቻ ነበር። የተቀበረው በተወለደበት ከተማ አጠገብ ሬንተን በሚባል ቦታ ነው። መቃብሩ ድንጋይ ላይ ጊታር ተቀርጿል፣ ግን የተቀረጸው እሱ እንደሚይዘው ተገልብጦ ሳይሆን እንደ ቀኝ እጅ ጊታር ነው።