ያሬድና የዜማው ወንበር

ማኅሌታይ ያሬድን በስሙ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ስለ እርሱ የተነገረን የትሏ ታሪክ ብቻ ነው። ሰነፍ ተማሪ በተገኘበት ሁሉ ትሏ ትጠራለች። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ከትሏ ይልቅ ያሬድ ስለ ተማረበትና ኋላም ስለ ተከለው ትምህርት ቤት ልናወሳ አስበናል፤ ከመካከላችን ነገ ተመርቀው በየኪ፣ በጉራፈርዳ ወይም በማሻ መምህራን የሚሆኑ ብዙዎች ናቸውና።

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት እንደሚተርኩት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለዘመዷ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የታወቀ ሊቅ ነበር። ትምህርቱ ግን ለሕፃኑ አልገባው አለ። እኩዮቹ ዳዊት ሲደግሙ እርሱ መያዝ ተሳነው፤ ዓመታት አለፉ፤ ባልንጀሮቹ አላገጡበት፣ መምህሩም ገረፈው። በመጨረሻ ተማርሮ ኰበለለ። ማይ ኪራህ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ከዚያም ተመለሰ፣ ትምህርቱም ተገለጠለት፣ ዲያቆንም ሆነ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው ጥፋቱ የተማሪው እንደ ሆነ ተደርጎ ነው። እስቲ ነገሩን ከሌላው ወገን እንመልከተው። በጌዴዎን ቤት ልጅ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን፣ በቃል በመያዝ ብቻ ነበር። ያ ሚዛን ያሬድን ደንቆሮ አለው። ኋላ የአገሪቱን ዜማ በሦስት ስልት፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው ይኸው ደንቆሮ የተባለው ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትምህርቱ በዜማ ቢሰጠው ኖሮ ባልኰበለለም ይሆናል፤ ይህ የራሳችን ግምት ነው።

ዜማውን ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው እንዳስተማሩት ገድሉ ይናገራል። ገድሉ የተጻፈው ከያሬድ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ስለ ሆነ የታሪክ ተማሪ በጥንቃቄ ሊያነበው ይገባል። በስሙ የቆመው ትምህርት ቤት ግን ዛሬም በዓይን የሚታይ ነው። ልጁ ፊደል ቈጥሮ ንባብና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ድጓ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በየተራቸው ይጠብቁታል። ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ በተለመደው መንገድ የሚመጡት ከዚህ ወዲያ ነው። ድጓውን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በአታ ይወጣል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች አደራጁለት፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት እየተባሉ ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የሚጻፉት ናቸው። እንግዲህ በዚህ ቤት ዜማ ለተሰጥዎ ባለቤቶች የተተወ ጨዋታ ሳይሆን በየደረጃው የሚያልፉበት ግዴታ ነበር ማለት ነው። ድምፁ የማያምረውም ይማረዋል። (እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም፤ አለንጋው ከጌዴዎን በኋላም አልተጣለም፣ ሴቶች ልጆችም በዜማ ቤት ደጃፍ እምብዛም አልታዩም።)

ከዚህ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ባስከተለው ሥርዓተ ትምህርት ሥነ ውበት በታችኞቹ ክፍሎች ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዳብሎ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 8ኛ ክፍል ሙዚቃና ሥዕል እየራሳቸው ቆሙ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክወናና የዕይታ ጥበባት በሚል ስም አዋሕዷቸዋል። ነገር ግን ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ጥበቡ ከደጅ ይቀራል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ስለ እርሱ አንዳች አይጠይቅም። እስከ 8ኛ ያለውም ቢሆን በብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ ለጐደለው መምህር ማሟያ ነው። ከእኛ አንዳንዶቻችን ሙዚቃ የተማርነው ኖታ ከሰሌዳ ወደ ደብተር በመገልበጥ ነበር፤ አንድም ቀን አፋችንን ከፍተን አልዘመርንም።

በአካባቢያችን ይህ ጉዳት እጥፍ ነው። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካቾ፣ የመዠንግር ልጅ ወደ ክፍል የሚመጣው የራሱን ዘፈን ይዞ ነው። ቡና ለቀማ ሲደርስ ከበበቃ እስከ ቴፒ እናቱ ስታንጐራጕር ሰምቷል። ይህን ዕውቀቱን የሚጠይቀው መምህር ካላገኘ፣ ከጌዴዎን ቤት ሳይወጣ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ከበሮ ምን ይሠራል ይላሉ። የቆሎ ተማሪ እኮ እህል እየለመነ፣ በሣር ጎጆ እያደረ ነው ድጓን የዘለቀው! ያጣነው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ይመስለናል። ቢያንስ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ጥበብ ግዴታ ቢሆን፣ መምህሩም ለዚሁ የሠለጠነ ሆኖ ከልጆቹ ዘፈን ቢጀምር፣ ከማይክሮስኮፕ ያነሰ ወጪ ይበቃዋል።

ወደ ያሬድ እንመለስ። ዝናው በዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ መንግሥት ከፍ ከፍ አለ። አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አልተሰማቸውም ይባላል። ንጉሡ ነገሩን ባወቀ ጊዜ ደንግጦ የወደደውን እንዲለምነው ፈቀደለት። ያሬድ ሹመትም ርስትም አልጠየቀም፤ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ከአክሱም ወጥቶ ተከዜን ተሻገረና ወደ ሰሜን፣ ወደ ጸለምት ምድር ገባ። በዚያ ብርዳም አገር ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ዜማውን ያስተምር ጀመር። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በዚያው ተሰወረ ይላሉ።