ልብ ያልነቀለው፣ ጉበት የተከለው አትክልተኛ

በቅርቡ አዲስ ዓለም ለቅሶ ደርሼ ነበር። ጉበታቸው ታሞ ያረፉ ዘመዳችን ናቸው። ድንኳን ውስጥ ወሬው ሁሉ ሕንድ ወስደናቸው ቢሆን ኖሮ የሚል ሆነ። ኩላሊት ቢሆን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በሕይወት ካለ ዘመድ ወስዶ መትከል ጀምሯል፤ ጉበት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ መሐል አንድ አዛውንት የዓለምን የመጀመሪያ የልብ ንቅለ ተከላ የሠራው አንድ ጥቁር አትክልተኛ እንደነበርና ነጮቹ እንደደበቁት አወሩልን። ድንኳኑ ተደነቀ። ይህን ታሪክ እኔም አምኜ ለሰው አውርቼዋለሁ። ዳሩ ግን ሕግ የተማረ ሰው ማን ነበረ፣ ማንስ አየ ማለቱ አይቀርም።

ሃሚልተን ናኪ እ.ኤ.አ. በ1926 በደቡብ አፍሪካ ትራንስካይ ገጠር ተወለደ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ፍለጋ ኬፕታውን ገባ። ዩኒቨርሲቲው በአትክልተኝነት ቀጠረው፤ የቴኒስ ሜዳ ሲደለድል ዓመታት አለፉ። በ1954 ሮበርት ጎትዝ የተባሉ ፕሮፌሰር፣ ቀጭኔ ውኃ ለመጠጣት ስታጎነብስ ለምን ራሷን እንደማትስት ሲመራመሩ እንስሳዋን የሚይዝላቸው ሰው አጡና ናኪን ጠሩት። በዚያው ቀረ። መጀመሪያ እንስሳቱን ተንከባከበ፣ ቀጥሎ ማደንዘዝ፣ በኋላም መቅደድና መስፋት ተማረ። መምህሩ ዓይኑ ነበር።

ከክርስቲያን በርናርድ ጋር በውሾች ላይ ሠርቷል። ስሙ የተተከለው ግን በአሳማ ጉበት ላይ ነው። ጉበት የሚሰፋው የደም ሥር ብዙ ነው፣ የሐሞት ቱቦም አለ፤ ጊዜም አይሰጥም። ቶማስ ስታርዝል በ1963 በአሜሪካ ዴንቨር የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ሲተክሉ የአንጎል ሞት ገና ተቀባይነት ስላልነበረው የለጋሹ ልብ እስኪቆም ይጠበቅ ነበር። ደም ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ጉበት ይጎዳል፤ ከሁሉ በላይ የሐሞት ቱቦው። ልቡ ከቆመ ሰው ጉበት የሚወስዱ የዛሬ ሐኪሞችም ጭንቀታቸው ይኸው ነው። ስለዚህ የፈጣን እጅ ዋጋ ከፍተኛ ነው። ናኪ ያ እጅ ነበረው። ሌላው ሁለትና ሦስት ሐኪም አሰልፎ የሚሠራውን እሱ በጥቂት ረዳት ይወጣው እንደነበር በኋላ በግሩት ሹር ሆስፒታል ንቅለ ተከላን የመሩት ዴላዊር ካን መስክረዋል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ከሥሩ ቆመው ተምረዋል። የአፓርታይድ ሥርዓት ግን ይህ ሰው ነጭ በሽተኛ እንዲነካ አይፈቅድም ነበር።

የዴኒስ ዳርቫል ልብ በወጣበት በታኅሣሥ 1967 ሌሊትም ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በ2005 ሲሞት ታላላቅ ጋዜጦች ልቡን ያወጣው እሱ ነው ብለው ጻፉ፤ ኋላ ማረሚያ አወጡ። እኔን የሚቆጨኝ ማረሚያው አይደለም። የሰውየውን እውነተኛ ሥራ፣ የአርባ ዓመት ገደማ ድካሙን፣ አንድ ያልዋለበት ሌሊት መሸፈኑ ነው። በ1991 ጡረታ ሲወጣ ዲፕሎማ አልነበረውም። በ2002 መንግሥት የማፑንጉብዌ ኒሻን ሸለመው፤ በ2003 ሣሩን ያጨደለት ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሰጠው።

ይህንኑ ለአዛውንቱ አጫወትኳቸው። አሳማ ሲባል አንዳንዱ ፊቱን አጨፈገገ። እሳቸው ግን ጥቂት አሰብ አደረጉና አሳማዎቹ ድነው እንደሆነ ጠየቁኝ።