ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ ከምርኮኛነት እስከ ወሰን ጠባቂነት

በአዲስ አበባ ከተማ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይመላለሳል። ድልድዩ የሚጠራባቸው ሰው የጦር ሚኒስትር እንደ ነበሩ የሚያውቅ አይጠፋም። ሕይወታቸው መንግሥታት እርስ በርሳቸው ከሚዳኙበት ሕግ ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ግን እምብዛም አይነገርም። ወሰን መለካትና ውሃ ማውጣት የሙያችን ክፍል ስለሆነ ታሪካቸው ለማኅበራችን አባላት ባዕድ አይሆንም።

ከአምቦ ተነሥቶ በወንጪ በኩል ወደ ወሊሶ የሚጓዝ ሰው የጨቦን ምድር ያገኛል። ፊታውራሪ የተወለዱት በዚሁ አገር በ1840ዎቹ ዓ.ም. ግድም ነው። የሸዋ ጦር ወደ ጨቦ በዘመተ ጊዜ ገና በልጅነታቸው ተማረኩ። በዚያ ዘመን የምርኮኛ ዕጣ በማራኪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ልጁ ግን በምኒልክ ቤት አደገ፤ በብልኅነቱና በፍርድ ዐዋቂነቱም አባ መላ እስከ መባል ደረሰ።

ፊታውራሪ በተሰለፉበት በአድዋ ዘመቻ ወደ 1,900 የሚጠጉ ኢጣልያውያን ተማርከው ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል መሠረት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምርኮኛ በማራኪው ወታደር እጅ ሳይሆን በመንግሥት ሥልጣን ሥር መሆኑንና በሰብአዊነት መያዝ እንዳለበት የሚደነግገው የሄግ ስምምነት የተፈረመው ከዚህ በኋላ በ1891 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ከአድዋ በኋላ እኚሁ የቀድሞ ምርኮኛ ወደ ቦረና ዘምተው አገሩን በጦር አስገበሩ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሁለተኛው የሄግ ጉባኤ የተፈጸመውም በዚያው ወር ነበር። በኅዳር ደግሞ ኢትዮጵያና እንግሊዝ የደቡቡን ወሰን የሚወስን ውል ተፈራረሙ።

ውሉ ልብ ሊባል የሚገባው አንቀጽ ነበረው። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ከብታቸውን እንዲያሰማሩ፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶችም ያለ ከልካይ እንዲደርሱ ይፈቅዳል፤ በተሻገሩበት ምድር ግን ለዚያው አገር ዳኝነት ይገዛሉ። የቦረናን ጥልቅ ጉድጓድ የሚያውቅ፣ ሰዎች በተርታ ቆመው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ያየ ሁሉ የዚህን አንቀጽ ክብደት ይረዳዋል። ሆኖም በዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ በውሉ ላይ አልተጠየቀም።

በ1901 ዓ.ም. ግድም የእንግሊዙ መኰንን ግዊን ወሰኑን ሲከልል የኢትዮጵያ መልእክተኞች አብረውት አልነበሩም። በውሉ የተጻፈውንም መስመር በአንዳንድ ስፍራ ስላሻሻለው ኢትዮጵያ ክለላውን አልተቀበለችም። አንዱ ወገን ብቻውን የተከለው ችካል ሌላውን እንደማያስር ከዚህ እንማራለን። ቦረናን በእንደራሴዎቻቸው ያስተዳድሩ ለነበሩት ለፊታውራሪ ይህ የዘወትር ጭንቀት ነበር።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር መርተው ንጉሥ ሚካኤልን ድል አደረጉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር የመንግሥቱ ሦስተኛ ምሰሶ ነበሩ። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንም በሥልጣን ላይ ነበሩ። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ።

የደቡቡ ወሰን ጉዳይ በስምምነት የተዘጋው ከሞታቸው ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1962 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ነጻዪቱ ኬንያ በተፈራረሙት ውል ነው። የተፈረመን ወረቀት መሬት ላይ ለማዋል ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። እኛም በካርታ ላይ መስመር በምናሰምርበት ጊዜ ሁሉ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ቢኖር፣ ከዚያ መስመር ማዶ ውሃው የማን እንደሆነ ነው።