ዐማር አል-መውሲሊና ውስጡ ክፍት የሆነው መርፌ

በዚህ እትም የምናነሳው የዓይን ሐኪሙን ዐማር ኢብን ዐሊ አል-መውሲሊን ነው። በዘመኑ ከነበረው ከባግዳዱ ዐሊ ኢብን ዒሳ ያነሰ ስሙ ይነሳል፤ በእጅ ሥራ ግን እሱ ይበልጥ ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ዐማር የኢራቋ የመውሲል ከተማ ተወላጅ ነው። ከኹራሳን እስከ ሻም እየተዘዋወረ ዓይን ሲያክም ኖሮ ግብፅ ገባ። እዚያም በፋጢሚዩ ኸሊፋ አል-ሓኪም ዘመን (እ.ኤ.አ. 996-1021) «አል-ሙንተኸብ» የተሰኘውን የዓይን ሕክምና መጽሐፉን ጻፈ።

ያኔ የዓይን ሞራ ከላይ ወርዶ ብሌንን የሚጋርድ ፈሳሽ ይመስላቸው ስለነበር ዐረቦቹ «ውኃ» ይሉት ነበር። (የራሱ የዓይን ሌንስ መደፍረስ መሆኑ የታወቀው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።) ሕክምናው ሞራውን በመርፌ ገፍቶ ወደ ዓይን ታች መስደድ ነበር። የተገፋው ተመልሶ እንዳይነሳ ታካሚው ለቀናት በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል።

ዐማር ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን የብረት መርፌ ሠራ፤ ግን ወዲያው በሰው ላይ አልሞከረውም። ፍልስጤም ውስጥ ጠበሪያ በደረሰ ጊዜ አንድ ታካሚ መጥቶ የፈለገውን እንዲያደርግለት፣ በጀርባው መተኛት ግን እንደማይችል ነገረው። ዐማር በዚያ መርፌ ሞራውን መጥጦ አወጣለት። ሰውየው ወዲያው አየ፤ እንደፈለገም ተኛ፤ ዓይኑ ብቻ ለ7 ቀን ታሰረ። ኋላ በግብፅ ብዙዎችን በዚሁ መርፌ አክሟል። ያለ ማሽን ዓይን ውስጥ የሚገባ የብረት ቱቦ መሥራት ቀልድ አይደለም፤ እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ይህን እናውቃለን።

መርፌው ለሁሉም አይሆንም። የአዛውንት ሞራ ስለሚጠነክር በቱቦ አይመጠጥም፤ የሕፃን ሞራ ግን ለስላሳ ነው። ዛሬም ሕፃናት የሚታከሙት ሞራው ተመጥጦ እየወጣላቸው ነው። ዐማር ያልደረሰበት ሌንሱን መተካት ነበር፤ ሌንስ የወጣለት ዓይን ብርሃን ቢያገኝም አጥርቶ አያይም። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለው በ1949 ነው። በጨቅላ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ዓይኑ ገና ስለሚያድግ ዛሬ የተመረጠው የሌንስ ጉልበት ነገ አይስማማውም፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋንም ቶሎ ይደፈርሳል። ከ7 ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ሌንስ የተተከለላቸው ኮንታክት ሌንስ ከተደረገላቸው የተሻለ እይታ አላገኙም፤ እንዲያውም ለተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ተዳርገዋል። ስለዚህ ለብዙዎቹ ጨቅላዎች ሌንሱ ኋላ ላይ ይተከላል።

ሞራውን ማውጣት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር የታየበት ሕፃን እስኪያድግ ይቆይ ከተባለ፣ አእምሮው በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሌንሱ ቢተከልም እይታው አይመለስም። ከባድ ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ ቀዶ ሕክምናውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቢያገኝ ይመረጣል።

የዐማር መጽሐፍ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዕብራይስጥ፣ በ20ኛው መባቻ ደግሞ በዓይን ሐኪሙ በሂርሽበርግና በባልደረቦቹ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሟል።