የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ፤ መንግሥት በምን እንደሚገኝ፥ በምን እንደሚጸና፥ በምንስ እንደሚፈርስ

መንግሥት እንዴት እንደሚገኝ፥ ከተገኘም በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ በመጨረሻም እንዴት ከእጅ እንደሚያመልጥ ለማወቅ የሚወድ ሰው የብዙ አገር ታሪክ መመርመር አያስፈልገውም። የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢመለከት ሦስቱንም ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ያገኘዋል። ይህንንም ታሪክ ለደብራችን የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ የመረጥንበት ምክንያት፥ ንጉሡና ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ተስማምተው ኋላ ግን ተጣልተው ሁለቱም የተጎዱበት ዘመን ስለ ሆነ፥ ለካህኑም ለምእመኑም የሚጠቅም ምክር ስላለበት ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓመተ ምሕረት ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩ፤ ነገር ግን ልጁ ሳያድግ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በድኽነት ስለ ኖሩ፥ ካሣ ከፍ ካለ በኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። በሕፃንነቱ ወደ ገዳም ገብቶ ተማረ፤ ያም ገዳም በመሳፍንት ጦርነት ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ በወንድሙ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድጎ የጦር ሥራ ለመደ።

በዚያ ዘመን ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው ነበር። ከራስ ሚካኤል ስሑል ጊዜ፥ ከ1761 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፥ ሰማንያ ዓመት ያህል ሥልጣኑ በየአውራጃው መሳፍንት እጅ ሆኖ ኖረ። አንዱ መስፍን ሌላውን ሲወጋ፥ የድል አድራጊውም የተሸናፊውም ወታደር የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበረ። ስለዚህ ሕዝቡ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱም ዘርቶ የሚያጭድበት ሰላም ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍም ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ተጽፎ ስለ ነበረ ብዙዎች ይህን ንጉሥ ይጠብቁ ነበር።

ካሣ ሸፍቶ በቋራ ቈላ በነበረበት ጊዜ የዘረፈውን ለተከታዮቹ ብቻ አላደረገም፤ ለድኻው ገበሬም ያካፍል ነበር። በዚህ ምክንያት ስሙ በቈላው ሁሉ ተወደደ። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጦር ሊይዙት ባይችሉ በጋብቻ ሊያስሩት ፈለጉ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም ዳሩለት። እርስዋ ግን ባሏን ከልቧ ወደደችው፤ ከአባቷ ጋር በተዋጋም ጊዜ አልተለየችውም። በ1840 ዓመተ ምሕረት በደባርቂ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋግቶ በመድፍ ተሸነፈ። ከዚህም ሽንፈት የሥርዓትንና የመድፍን ኃይል ተማረ፤ መድፍ የማግኘቱም አሳብ እስከ ሞቱ ቀን ከልቡ አልወጣም።

በኅዳር 1845 ዓመተ ምሕረት በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። ከዚህ በኋላ የቀሩት ታላቅ መስፍን የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ካሣ ግን ከጦሩ በፊት ሌላ ነገር አሰበ። አቡነ ሰላማን ከውቤ አገር ወደ ጎንደር አስመጥቶ፥ በ1846 ዓመተ ምሕረት በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ የተዋሕዶ ሃይማኖት እንዲጸና፥ ካህናቱን ሲከፋፍል የኖረውም ክርክር እንዲቀር አዋጅ አስነገረ። ጳጳሱን የያዘ ዘውዱን ሊይዝ እንደ ተቃረበ ያውቅ ነበርና። በየካቲት 1847 ዓመተ ምሕረት ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ፤ ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ።

መንግሥቱ የተገኘው እንግዲህ በጦር ብቻ አይደለም። ጦርማ ለሌሎቹም መሳፍንት ነበራቸው። ሕዝቡ ሰላም ይሰጠናል ብሎ ስላመነ፥ ካህናቱም ሃይማኖትን አንድ ያደርጋል ብለው ስለ ተቀበሉት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ዘራፊው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፥ ገበሬው እንዲያርስ፥ ነጋዴው እንዲነግድ አዘዙ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር፥ ወታደሩም ያለ ትእዛዝ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ከለከሉ። መንገድም ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። በ1848 ዓመተ ምሕረት ሸዋን ወደ መንግሥታቸው መለሱ፤ የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክንም ወስደው እንደ ልጅ አሳደጉት። እነዚህን ዓመታት ያየ ሰው መንግሥቱ ለዘላለም የጸና ይመስለው ነበር።

ነገር ግን ወታደር ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለብም ከግብር ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰፊው የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር እንደማይከፍል አይተው፥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ለገባር ይሁን አሉ። ለቅዳሴስ አምስት ሰው እንደሚበቃ እውነት ነው። የዜማው መምህር፥ የቅኔው መምህር፥ ቈሎ ተማሪውም በምን ይኑር የሚለውን ግን አላሰቡም። ካህናቱም በበኩላቸው የገበሬው ጫንቃ እንደ ደከመ፥ ከመሬታቸውም ጥቂቱን ቢለቁ ሰላም እንደሚገኝ አላሰቡም። ሁለቱም ወገን በአሳባቸው ጸኑ። ንጉሡን የቀቡት አቡነ ሰላማ በመጨረሻ በመቅደላ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1860 ዓመተ ምሕረትም በእስር ቤት ዐረፉ። ንጉሡ የተቀቡበትን እጅ ባሰሩ ጊዜ ሕዝቡ የታዘዘበትን ምክንያት በገዛ እጃቸው ቈረጡ።

በ1850 ዓመተ ምሕረት እቴጌ ተዋበች ሞቱ፤ ቍጣቸውንም በምክር የሚያበርድላቸው ሰው አጡ። በጎጃም ተድላ ጓሉ፥ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፥ በትግሬ ካሣ ምርጫ ተነሡ፤ ምኒልክም በ1857 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ አምልጦ ሸዋን ያዘ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። አንድ አውራጃ በሸፈተ ጊዜ ግብሩ ይቀራል፤ ግብሩ በቀረ ጊዜ ወታደሩ ይራባል፤ የተራበውም ወታደር ገና ያልሸፈተውን አገር ይዘርፋል፤ የተዘረፈውም አገር ይሸፍታል። ዝርፊያን ሊያጠፉ የነገሡት ንጉሥ በ1859 ዓመተ ምሕረት ጎንደርን አዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ከዚህ በኋላ ቴዎድሮስን ከመሳፍንቱ የሚለይ ነገር ለገበሬው አልታየውም።

በ1855 ዓመተ ምሕረት ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜ ተቈጥተው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። ስለዚህ እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር አዝማችነት 13,000 ያህል ወታደር ይዘው በዙላ ወረዱ። ከባሕር እስከ መቅደላ ያን ሁሉ ተራራ ሲያልፉ መንገድ የዘጋባቸው አልነበረም፤ የትግሬው ካሣም አሳለፏቸው። በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ፥ ተራራ እያስቈፈሩ ወደ መቅደላ ያስጐትቱ ነበር። መድፉ ደረሰ፤ የሚከተላቸው ሕዝብ ግን አልነበረም። ከአሥር ሺህ በላይ ይቈጠር የነበረው ሠራዊታቸው ወደ ጥቂት ሺህ ወርዶ ነበር።

በ1860 ዓመተ ምሕረት በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ ሰው ወደቁ። በትንሣኤ ማግስት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ ጠላት በሩን ሰብሮ በገባ ጊዜ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ንግሥቲቱ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞችም የመቅደላ መድኃኔ ዓለምን ንዋያተ ቅድሳት፥ መጻሕፍትና ጽላት ዘርፈው፥ አምባውን አቃጥለው ተመለሱ። ከጽላቱ አንዱ ከኤዲንብራ የተመለሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1994 ዓመተ ምሕረት ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን መንግሥት እንግሊዞች አፈረሱት ማለት ትክክል አይደለም። እነርሱ የደረሱት ምሰሶው ከወደቀ በኋላ ነው። ያን መንግሥት ያቆመው የገበሬው ተስፋና የቤተ ክርስቲያን ቅብዐት ነበረ፤ ሁለቱም ከእንግሊዞች አስቀድመው ተለይተውት ነበር። ነገር ግን አሳባቸው አልሞተም። ኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ አንድነትን ከእርሳቸው ወረሱ፤ ባላባቱንና ካህኑን በማስማማት ግን ከእርሳቸው ይልቅ ታገሡ።

እኛም የዚህ ደብር ልጆች ከዚህ የምንማረው አለን። መብል የሚያስፈልገው ሥልጣንና መሬት የያዘ ደብር አንዱ የሌላውን ጭንቀት ባልሰማ ጊዜ፥ በመካከላቸው የሚጎዳው በሁለቱም ጥላ ሥር የሚኖረው ድኻ ነው። የሚገዛውን ፍርድ፥ የሚገዛውንም ትዕግሥት፥ ካህኑንም እውነትን በጊዜው የሚናገርበት ልብ እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።